የእንዶድ ውሃ ደላላ

ይስማው ማረፉን የሰማሁት ሥራ ላይ ሆኜ ነው። ደብረ ማርቆስ ፍርድ ቤት ደጃፍ፣ ጃንጥላዬ ሥር፣ አንዲት ሴትዮ የድንበር ክርክሯን እያለቀሰች ስትነግረኝ እኔም በልቤ ወደ ሕግ ቋንቋ እየመለስኩት ነበር። ስልኬ ጮኸ። የእህቴ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ አያ ይስማው ዐረፈ» አለኝ። ብዕሬን አስቀመጥኩ። ሴትዮዋ ጉዳይዋ የተበላሸ መስሏት «ምነው አባቴ፣ ክሱ አያዋጣም እንዴ?» አለችኝ። «ያዋጣል» አልኳት፤ ጨርሼም ሰጠኋት። የጀመርኩትን ማመልከቻ ሳልጨርስ ተነሥቼ አላውቅም። የዚያን ቀኑን መጨረሻ ግን እንዴት እንደቋጨሁት ዛሬ ብጠየቅ አላስታውስም።

እኔ ትምህርት ቤት የሚባል ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ስኳርና ጨው ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። ሕጉን ያወቅሁት ጠበቆች ሲከራከሩ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ እየሰማሁ፣ እንግሊዝኛውን የተማርኩት ደግሞ ሽፋኑ ከተገነጠለ መዝገበ ቃላት ብቻዬን ነው። ዛሬ ዲግሪ የጫኑ ሰዎች ሳይቀሩ ሲመሽ ቤቴ እየመጡ «ጋሽ ውበቱ፣ እባክህ ይቺን አቃናልን» ይሉኛል። ራፖር ጸሐፊ ብዙ አለ፤ እንደ እኔ የሚጽፍ ግን በዚህ ከተማ የለም። ይህን የምናገረው ለመኩራራት አይደለም፤ ከዳኛ እስከ እስረኛ ስንቱን ሰው እንዳየሁ አንባቢ እንዲያውቅልኝ ነው። ይህን ሁሉ ሰው አይቼ እንደ ይስማው ያለ አልገጠመኝም።

ይስማው የአማኑኤል ከተማ የከብት ገበያ ደላላ ነበር። የተወለድነው አንድ መንደር ነው፤ ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ፣ ከአማኑኤል በእግር የሚደረስበት ደጋ ነው። እኔ በልጅነቴ ወደ ደብረ ማርቆስ ስገባ እሱ እዚያው ቀረ። ረጅም፣ ከሲታ፣ አንድ እግር ሱሪው ሁልጊዜ የተጠቀለለ ሰው ነበር። ሲያነጋግርህ መዳፍህን ይይዛል፤ ነገሩ እስኪያልቅ አይለቅህም። ሻጭና ገዢን እጅ ለእጅ ማማታት ከለመደበት ዘመን ጀምሮ የያዘው አመል ነው። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የሰላምታ እጅ ሰጥተኸው ቅዳሴ እስኪገባ ድረስ እጅህ እሱ ዘንድ ይቆያል።

በደላላነቱ አቻ አልነበረውም። ያረጀ በሬ ቀንድ በጠርሙስ ስባሪ ፍቆ ወይፈን ያስመስለዋል። እግሩ የሚያነክስ ከሆነ ዳገት ላይ ያቆመዋል፤ አንካሳነቱ በዳገት አይታይም። ዓይነ ስውሯን ላም ሳይቀር ልጇን ከፊቷ አቁሞ፣ ለሽታው ስትዞር «ተመልከት፣ ዓይኗን ከልጇ ላይ አትነቅልም» ብሎ ሸጧታል ይባላል። ስጠይቀው ይስቃል። «ዋሸሁ እንዴ? ነቀለች?» ይለኛል።

ይህ ሰው በስተርጅናው የያዘው ሥራ ነው የማይረሳኝ።

መንደራችን የሚጠጣው ከአንድ ምንጭ ነው፤ እንዶድ ውሃ እንለዋለን። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ በድንጋይ የተከበበ ትንሽ ገንዳ አለው፤ በጋም ክረምትም አይነጥፍም ነበር። ከምንጩ ግርጌ ደግሞ ቦረቦር አለ። እኛ ልጆች ሳለን በግ ዘሎ የሚሻገረው ስንጥቅ ነበር። ዛፉ ሲቆረጥ፣ ሣሩ ሲጋጥ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ አፉን እየናደ ሽቅብ አወጣው። አንድ ቀን የይስማው ሚስት፣ ወይዘሮ እናትነሽ፣ በጄሪካን ቀድታ የመጣችው ውሃ ደፈረሰ። ይስማው ወርዶ አየ። ከምንጩ ዓይን እስከ ቦረቦሩ አፍ አንድ ጥማድ በሬ የሚቆምበት ያህል መሬት ብቻ ነበር የቀረው። ያ መሬት ከተናደ ምንጩ ገደል ይገባል፤ ምንጩ ገደል ከገባ መንደሩ ይበተናል። ከዚያ ሌላ ያለው ውሃ ወንዙ ነው፤ ወንዙ ደግሞ ሩቅ ቁልቁለት ታች ነው።

በማግስቱ ደብረ ማርቆስ መጣ። ጃንጥላዬ ሥር ቁጢጥ ብሎ መዳፌን ያዘ።

«አያ ውበቱ፣ መሬት ማዳን የሚፈልግ ገንዘብ ያለው ሰው አለ ይባላል። የሚድን መሬት ያለን ደግሞ እኛ አለን። ሻጭም ገዢም አለ ማለት ነው፤ የጠፋው ደላላ ነው።»

«አንተስ ድርሻህ ምንድን ነው? ደላላ በነጻ ሲሠራ አላየሁም» አልኩት።

«እናትነሽ ጎኗን ሳያማት ውሃ ትቅዳ። ድርሻዬ እሷ ናት።»

እንዲህ ብሎ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ከገበያ ቀን ውጭ ሳይመጣ የሚያልፍ ሳምንት የለም። መንገዱ ሲዘጋ በእግሩ ይመጣል፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ራሱ መልእክት ሆኖ ይመጣል። የመሥሪያ ቤቶችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ሁሉ ቆሞ ያነባል፤ ማንበብ ሲያቅተው አላፊ አግዳሚውን ያስነብባል። የሚጀምረው ግን ሁልጊዜ ከዘበኛው ነው። የድርጅት በር ላይ ከዘበኛው ጋር ተቀምጦ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ ይጠይቀዋል፤ ሲነሣ የትኛው ድርጅት ለዛፍ፣ የትኛው ለውሃ፣ የትኛው ለሴቶች ገንዘብ እንደሚሰጥ፣ የትኛውስ ዘንድሮ ኪሱ እንደደረቀ አውቆ ይነሣል። በሩ ላይ ባንዲራ የተሳለበት መኪና ካየ ሹፌሩን ሳያነጋግር አያልፍም።

«ምን ብለህ ትጠይቀዋለህ?» አልኩት አንድ ቀን።

«‹ጌታህ ምን ሲያይ ነው የሚያዝነው?› እለዋለሁ። ገዢ ምን እንደሚወድ ሳታውቅ ከብት ይዘህ ትወጣለህ?»

የመጀመሪያውን ማመልከቻ የጻፍኩት በማውቀው አጻጻፍ ነው። ድንጋይ የሚያስለቅስ ጽሑፍ ነበር። ሕፃናቱን፣ አረጋውያኑን፣ ቤተ ክርስቲያኑን አንሥቼ፣ በመጨረሻ «ከእግርዎ ሥር ወድቀን» ብዬ ነበር የቋጨሁት። ይስማው ሳነብለት ዕንባው መጣ። ይዞት ሄደ፤ ወራት አለፈ፤ መልስ የለም። ሄዶ ሲጠይቅ አንዲት የቢሮ ሠራተኛ ወረቀቱን አውጥታ «አባቴ፣ ይኼ እኮ አቤቱታ ነው። እኛ የምንፈልገው ፕሮጀክት ነው» አለችው።

«ፕሮጀክት ምንድን ነው?» ብሎ መጣ።

ተናድጄ ነበር፤ ቢሆንም እኔ የማላውቀውን ነገር ዐውቄ ሳልጨርስ የምተኛ ሰው አይደለሁም። ከዚያችው ሠራተኛ የሌላ አገር ማመልከቻ ቅጂ አስመጣሁ። መዝገበ ቃላቴን ከጎኔ አድርጌ አንድ በአንድ ፈታሁት። ዓላማው ሌላ፣ ግቡ ሌላ፣ ውጤቱ ሌላ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። ሰዎቹ የሚፈልጉት ልቅሶ አይደለም፤ ምን እንደጠፋ፣ ለምን እንደጠፋ፣ እኛ በጉልበታችን ምን እንደምናዋጣ፣ እነሱ ከሄዱ በኋላ ቦረቦሩ ላይ የሚሠራውን የጎርፍ ማገጃ ክትር ማን እንደሚጠብቀው ነው። ባለ ዲግሪዎቹ ኮርስ ወስደው የሚማሩትን እኔ በጃንጥላ ሥር ለይቼ ያዝኩት።

ቀጥሎ ሕጋዊ ሰውነት አምጡ ተባልን። ይስማው ይህን ሲሰማ ሳቀ። «እድራችን ሲቀብር የኖረው ሕጋዊ ያልሆነ ሰው ነው?» አለ። እድር ግን አይሆንም አሉ። ማኅበር መሠረትን፤ መተዳደሪያ ደንቡን እኔ ጻፍኩ፤ ማኅተም አስቀረጽን። የእድሩ ዳኛ አያ ጥሩነህ ሊቀመንበር ሆነ። አያ ጥሩነህ የተከበረ ሰው ነው። ደጁ የመጣ እንግዳ ሳይበላ ሄዶ አያውቅም፤ ለራሱ ሳይኖረው ለእንግዳ ይበደራል። ሰው የሚያከብረው በዚህ ነው፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸውም በዚሁ ነው።

ማመልከቻ ገባ፤ ወደቀ። ሌላ ገባ፤ እሱም ወደቀ። አንዱ «የእናንተ አካባቢ በዕቅዳችን የለም» አለን። ሌላው መልስ እንኳ አልሰጠም። ይስማው ግን አንድ ቀን ተስፋ ቆርጦ አላየሁትም።  ዓይኑ ሁልጊዜ ሰማይ ላይ ነው፤ ዝናብ ይቆጥራል። «ምንጩ ዘንድሮ ቢተርፍልን ለከርሞ አይተርፍልንም» ይለኛል። ቦረቦሩ በየክረምቱ ትንሽ ትንሽ እየጎረሰ ነበር።

በመጨረሻ አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ከአንድ ድርጅት ተደወለለት። ማመልከቻችን ከብዙ አመልካች መካከል ተመርጦ ለመጨረሻው ዙር አልፏል። የቀረው ሰዎቹ መጥተው በዓይናቸው ማየት ብቻ ነው። ጽሑፉ የእኔ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ምሁር ጽሑፍ መካከል የተመረጠው የእኔ ነው። ያን ቀን ይስማው ገበያ ወጥቶ የሚያገኘውን ሁሉ መዳፍ ሲጨብጥ ዋለ።

የጉብኝቱ ዋዜማ እኔ ወደ መንደር ወጣሁ፤ እሱ ወደ ከተማ ወረደና ቤቴ አደረ። ገዢን ራሱ ሄዶ ሳያመጣ ያገናኘበት ቀን የለም፤ እንግዶቹንም በማለዳ ካረፉበት ሆቴል ራሱ ሊያመጣቸው ነው። ከመውረዱ በፊት ሰውን ሰብስቦ እንዲህ አለ።

«ነገ ማንም ምንም እንዳይነካ። ቦረቦሩ እንዳለ ይታይ። ውሃው እንደደፈረሰ ይታይ። እናንተም እንደምትውሉት ዋሉ።»

«እሺ» አሉት ሁሉም። እኔም በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ጎህ ሲቀድ በድምፅ ነቃሁ። ብወጣ መንደሩ በሙሉ ሥራ ላይ ነው። ሴቶቹ ከወንዝ ውሃ በጄሪካን እየተሸከሙ ሽቅብ እያመጡ የደፈረሰው ውሃ በተደፋበት የምንጩ ገንዳ ውስጥ ይገለብጣሉ። ወንዶቹ የቦረቦሩን አፍ በባሕር ዛፍ አጣና ገድግደው በቅጠል፣ በቅጠሉም ላይ ከመስክ ባጨዱት ሣር አልብሰውታል። በቤተ ክርስቲያኑ በኩል አዲስ መንገድ ተጠርጓል። አያ ጥሩነህ በነጭ ጋቢ ቆሞ ያዛል። በግ ታርዷል።

«አያ ጥሩነህ፣ ይኼ ምንድን ነው?» አልኩት።

«እንግዳ ሊመጣብን ነው።»

«እንግዶቹ የሚመጡት እኮ ገደሉን ሊያዩ ነው!»

«ውበቱ፣ ሰው ከአዲስ አበባ ድረስ ደክሞ ሲመጣ ገመናችንን ዘርግተን እንቀበለው? የደፈረሰ ውሃ እናጠጣው? መስማቱን ሰምተዋል፤ አንተው ጽፈህላቸዋል። የሰሙትን ደግሞ ማሳየት ነውር ነው።»

«የጻፍኩት ውሸት ይሆናል!» ብዬ ጮኽሁ። «ውሃችን ደፈረሰ ብያለሁ፤ ንጹሕ ውሃ ሞልታችሁ ታሳያላችሁ?»

«አንተ ጸሐፊ ነህ፤ ጻፍክ፤ እግዜር ይስጥህ። እንግዳ መቀበሉን ለእኛ ተወው» አለና ጀርባውን ሰጠኝ። ከሴቶቹ አንዷ ጄሪካኗን ሳታወርድ «ጋሽ ውበቱ ከተማ ቆይቶ የአገሩን ወግ ረሳ» ብላ ሳቀችብኝ። ወይዘሮ እናትነሽ ከመካከላቸው ነበረች፤ አልሳቀችም። እሷም ግን ከወንዝ ቀድታ አምጥታ ገለበጠች።

መኪናው መጣ። ሁለት እንግዶች ናቸው፤ አንዲት ሴት ባለሙያና አንድ ፎቶ የሚያነሣ ሰው። የወረዳው ጽሕፈት ቤት ኃላፊም አብሯቸው አለ። ይስማው ከፊት ወንበር ወረደ። መንገድ ላይ ሁሉን ሲነግራቸው እንደመጣ ፊቱ ያስታውቃል። ቀና ብሎ ሣሩን አየ። ምንጩን አየ። ከንፈሩ እንደ አመድ ነጣ። ስንት በሬ ያሳመረ ሰው እንዲያምር የተደረገ ነገር አይሰወረውም።

«ዋው፣ እንዴት ያለ ንጹሕ ምንጭ ነው» አለች ሴትዮዋ። ጎንበስ ብላ በእፍኟ ቀምሳ አየችው። ሰውየው ፎቶ አነሣ።

«ይሄ የምንጩ ውሃ አይደለም» አለ ይስማው። «እመቤቴ፣ ይህ ከወንዝ የመጣ ነው፤ ቦረቦሩም ከሣሩ ሥር…»

አያ ጥሩነህ ክንዱን ያዘው። «ይስማው፣ እንግዳ ቆሞ አይዋልም። ይብሉ፤ ከዚያ የፈለጉትን ያያሉ።»

«ቦረቦር ያላችሁት የት ነው?» ብላ ሴትዮዋ ጠየቀች።

«እሱ እንኳ ትንሽ ነው፤ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነን» አለ አያ ጥሩነህ፤ ሽማግሌዎቹም ሁሉ «ደህና ነን፤ ደህና ነን» አሉ። ሰላም የተባሉ ያህል ነው የመለሱት። በሐሰት አይደለም። በእኛ አገር እንግዳ ፊት ሌላ መልስ የለም።

ምግቡ ረዘመ። አያ ጥሩነህ በየተራው ያጎርሳል፤ «በሞቴ፣ በሞቴ» ይላል። ይስማው አልቀመሰም። ሦስት ጊዜ ተነሣ፤ ሦስት ጊዜ አስቀመጡት። በኋላ ሰማዩ ጠቆረ፤ ሹፌሩ እየሮጠ መጣ። «መሬቱ ጥቁር አፈር ነው፤ ዝናቡ ከቀደመን እዚህ ማደራችን ነው» አለ። ሁሉም ተነሡ። ይስማው መስኮቱን ይዞ ከመኪናው ጎን ሲሮጥ አየሁት። ሴትዮዋ በመስኮት እጇን አውጥታ መዳፉን ጨበጠች። «አይተናል፣ አባቴ፤ በጣም ቆንጆ መንደር ነው ያላችሁ» አለችው። መኪናው እጁን አስለቀቀው።

መልሱ የመጣው በስልክ ነው። ይስማው እኔ ዘንድ ተቀምጦ ነበርና ድምፁን ከፍ አድርጎ አሰማኝ። ያችው ሴት ናት፤ ድምፅዋ ለስላሳ ነው። ማኅበረሰባችሁ ጠንካራ ነው፤ ምንጫችሁን በራሳችሁ ጠብቃችኋል፤ ገንዘቡ ግን ጥቂት ስለሆነ የባሰ ችግር ላለበት ሌላ ቦታ ተሰጥቷል፤ ለወደፊቱም ማመልከቻችሁና መሬት ላይ ያለው እንዲገናኝ ብታደርጉ መልካም ነው አለችው። «እሺ፣ እመቤቴ» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

እኔ እንደ እሳት ነደድኩ። ስሜ ነው የተነካው። «አሁኑኑ ሄደህ አያ ጥሩነህን በእድሩ ፊት ለምን አታፋጥጠውም?» አልኩት።

መዳፌን አልያዘም። ሁለቱን እጆቹን ጉልበቱ መካከል አድርጎ መሬት መሬት ያያል።

«ምን ብዬ ላፋጥጠው? ዕድሜዬን ሙሉ እዚያው ገበያ ላይ አንካሳ በሬ ዳገት ላይ ሳቆም ሲያየኝ የኖረ ሰው ነው። ‹ገዢ ሲመጣ ጉድለት ይሸፈናል› ያልኩት እኔ። አሁን ደግሞ ‹ጉድለታችሁን አውጡ› ስላቸው ማን ይመነኝ?» ቀና ሳይል፣ «ደግሞ እሱ በጉን ያረደው ለእኔ ክብር መስሎት ነው» አለ።

ከዚያ ወዲያ አያ ጥሩነህን አንድ ቀን ክፉ ሲናገረው አልሰማሁም። አያ ጥሩነህም የበደለ አልመሰለውም፤ «እንግዶቹ ተደስተው ነው የሄዱት፤ ያልሰጡን ሌላ ምክንያት ቢኖራቸው ነው» ይል ነበር።

ክረምቱ ገባ። ምንጩ የሄደው በዝናብ ቀን አይደለም። ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ፀሐይ በወጣችበት ረፋድ ላይ፣ መሬቱ ውሃውን ጠጥቶ ከከበደ በኋላ ነው። ወይዘሮ እናትነሽ ስትነግረኝ፣ ድምፁ ጆንያ እህል ከቆጥ ላይ ሲወድቅ እንደሚያሰማው ነበር አለች። ወርደው ሲያዩ ገንዳው የለም፤ ድንጋዮቹ የሉም። ከሩቅ፣ ከገደሉ ወለል፣ ጭቃ የለወሰ ውሃ እንደ ቁስል ያዥ ነበር፤ ከብት እንኳ ወርዶ የማይጠጣው። ይስማው አፋፉ ላይ ተቀመጠ። ሲጠሩት አልሰማም። ፀሐይ እስክትጠልቅ ተቀምጦ ዋለ።

ሴቶቹ ወንዝ መውረድ ጀመሩ። ቁልቁለቱን ባዶ ጄሪካን ይዘው ይወርዳሉ፤ ዳገቱን የሞላ ተሸክመው ይወጣሉ። እናትነሽ ጎኗ ያማታል፤ ሌላ ሰው ግን የላትም። ሰው መውጣት ጀመረ። አንዱ ወደ አማኑኤል፣ ሌላው ወደ ደጀን ሄዶ መንገድ ዳር ጎጆ ቀለሰ። በር የተዘጋባቸው ቤቶች በዙ።

ይስማው ግን አሁንም ወደ ደብረ ማርቆስ ይመጣ ነበር። አመጣጡ ተለውጧል። ዘበኞቹን አያጫውታቸውም። ሰሌዳው ፊት ቆሞ ያነባል፤ ይመለሳል። አንድ ቀን ቀዝቃዛ ዝናብ ሲወርድ እንደ ራሰ ጃንጥላዬ ሥር ገባ።

«አንድ ማስታወቂያ አገኘሁ፣ አያ ውበቱ፤ ለምንጭ ማጎልበቻ ገንዘብ የሚሰጥ ነው» አለኝ።

«እንጻፋ!» አልኩት። ወረቀት አወጣሁ። ያመጣውን ቅጽ የመጀመሪያ ጥያቄ አነበብኩለት፤ የምንጩ ስምና በቀን የሚሰጠው የውሃ መጠን ይላል።

  ለብዙ ጥያቄ መልስ አላጣሁም፤ ለዚያ ግን የምጽፈው አጣሁ። ይስማው ቅጹን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ሲነሣ ሳል ያዘው፤ ቤቴ እደር ብለው «እናትነሽ ውሃ ሳትቀዳ እንድደርስላት» ብሎ በዝናቡ ሄደ። ሳሉ አልለቀቀውም። ደረቱ ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ በእግሩ ቆሞ አላየሁትም።

ለቅሶው ላይ የደረስኩት ከቀብሩ በማግስቱ ነው። ገላው የታጠበበት ውሃ በአህያ ከአማኑኤል መጣ አሉኝ። ድንኳኑ ሞልቷል። እሱ ያላገናኘው ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ከደጀን የከብት ነጋዴዎች፣ ከአማኑኤል ባለ ሱቆች ሳይቀሩ መጥተዋል። ከደብረ ማርቆስ ድርጅቶች በር ላይ የሚቆሙ ሁለት ዘበኞችም ነበሩ፤ ፈቃድ ጠይቀው ነው የመጡት።

የወረዳው ኃላፊም መጣ፤ ያን ቀን ከእንግዶቹ ጋር የነበረው ነው። አያ ጥሩነህ ተነሥቶ ክቡር ቦታ ሰጠው። ወዲያውም በጣሳ ሳይሆን በብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ቀረበለት። ውሃው ከከተማ የተገዛ ነው፤ ለለቅሶ እንግዶች ተብሎ እድሩ ያስመጣው ነው። ኃላፊው ጠጣና ብርጭቆውን እያየ፣

«ምንጫችሁ ዛሬም እንደዚያው ነው? ያን ጊዜ የጠጣሁት ትዝ ይለኛል» አለ።

«ደህና ነው፣ ክብር ለእግዚአብሔር» አለ አያ ጥሩነህ።

ወይዘሮ እናትነሽ ከሐዘንተኞቹ መካከል፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸርጣ ተቀምጣ ነበር። ባልዋ ከሞተ ወዲህ እህል አልቀመሰችም። ባሏ የሞተባት ሴት እንግዳ ፊት አትነሣም፤ ደንቡ ነው። ተነሣች። 

«ይነሡ፣ ጌታዬ» አለችው።

«ምነው እናቴ?»

«ይነሡና ይከተሉኝ።»

አያ ጥሩነህ እጆቹን ዘርግቶ መንገድ ዘጋባት። «እናትነሽ፣ በሞቴ፤ እንግዳ ነው። በይስማው ዐፅም፤ ተቀመጪ።»

«አያ ጥሩነህ፣ እርስዎ ያክብሩት፤ እኔ ላሳየው» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። እጁን በክርኗ ገፍታ አለፈች። ኃላፊው ግራ ገብቶት ተከተላት፤ እኔም ተከተልኩ፤ ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ ተከተለ። አፋፉ ላይ ስንደርስ ቆመች። ከታች ገደሉ ጥቁር አፉን ከፍቶ ነበር። የእንዶድ ውሃ ዓይን የነበረበት ቦታ ባዶ አየር ነው።

ኃላፊው ቁልቁል አየ። ፊቱ ተለወጠ። «ይኼ… ያን ጊዜ የት ነበር?» አለ።

«እዚሁ ነበር» አለች። «ከቆማችሁበት አጠገብ፣ ከሣሩ ሥር ነበር። ውሃውንም ከወንዝ ተሸክሜ የሞላሁት እኔው ነኝ። ይስማው ሊያሳያችሁ የለመነው ይህን ነበር።»

 ኃላፊው «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አላት። አያ ጥሩነህ ከሁላችን ኋላ ቆሞ ነበር። ጋቢውን ሳበና ፊቱን ሸፈነ። ከዚያ ቁና ቁና እየተነፈሰ፣ አስከሬን ሲወጣ ያላለቀሰውን ያህል፣ እንደ ልጅ አለቀሰ።